ከፋሲካ በኋላ ቀለም አልይዝ ያሉት አውሮፕላኖች

ሥራ የጀመርኩት በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ወጣ ብሎ በነበረ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነበር። ከበሩ በላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ አውሮፕላን ነፋስ በመጣ ቁጥር ይሽከረከራል። እኔ ሥዕል እችላለሁ ባይ ነበርኩና ቀለም ቀቢ ሆኜ ልቀጠር አስቤ ነው የገባሁት።

የቤቱ ባለቤት ሃምሳ አለቃ ደምሴ ከሠራዊቱ በጡረታ የወጡ፣ መላጣና ቁጡ ሰው ነበሩ። ከውጭ አገር በካርቶን ታሽገው የሚመጡ ትንንሽ አውሮፕላኖች፣ ታንኮችና መርከቦች እያስገጣጠሙ፣ ቀለማቸውን ራሳቸው እየቀቡ ለመኮንኖችና ለሆቴሎች ይሸጣሉ።

«ሥዕል እችላለሁ» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀህ? እጅህን አሳየኝ።»

ጥፍሬን እንደ በግ ጥርስ አገላብጠው አዩ። «ቆርጠህ ና። ብሩሹ የኔ ነው። አንተ መገጣጠም ትማራለህ።»

መስኮቱ ሥር ገንዳ ይዘው የተቀመጡ አንዲት የጀጎል ሴት ሳቁብኝ። አይ ፋጡማ ናቸው። የጀጎል ሰው እናቱን «አይ» ነው የሚላት፤ እኛም እንደዚያው እንጠራቸው ነበር። ዕድሜያቸውን በስፌት ያሳለፉ ባልቴት ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም ሲል አጣቢ ሆነው ገቡ። በዚያ ዓመት የመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ ላይ ነበሩ።

ሥራው እንዲህ ነበር። የአውሮፕላኑ ክፍሎች ከቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ጋር ተያይዘው ይመጣሉ፤ ዘንጉን «ሐረግ» እንለዋለን። ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅለት ቅባት ስለሚቀባው፣ አይ ፋጡማ መጀመሪያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ያጥቡታል። ትኩስ ውሃ አይሆንም፤ ክንፉ ይጣመማል። ከዚያ በጨርቅ ላይ፣ በጥላ ይደርቃል።

ቀጥሎ የኔ ተራ ነው። ክፍሉን ከሐረጉ እቆርጣለሁ፤ የቀረውን ጉቶ በምላጭ እልጣለሁ። ሁለቱ የቅርጽ ማውጫ ግማሾች የተጋጠሙበት ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይቀራል፤ እሱን ምላጩን አስተኝቼ እፍቃለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። የመድፉን አፈሙዝ የምከፍተው ከአይ ፋጡማ በተዋስኩት የስፌት ወስፌ ነበር። ከዚያ ያለ ሙጫ እገጥመዋለሁ፤ ከገጠመ ሙጫ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነክቼ በላስቲክ አስረዋለሁ። ክፍተት ከቀረ ስቱኮ እሞላበታለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት የግራ አውራ ጣቴን በምላጭ ቆረጥኩት። ሲድን ጣቴን አቋርጦ የሚያልፍ ጠባሳ ቀረ። ሃምሳ አለቃ አይተው «አሁን ሠራተኛ መሰልክ» አሉኝ።

ጾሙን በሙሉ የገጣጠምኩት ነገር ሁሉ ያምር ነበር። ሃምሳ አለቃ እንኳ፣ ምስጋና ከጥርሳቸው የማይወጣው ሰውዬ፣ «እጅህ የተባረከ ነው» አሉኝ። ልቤ አበጠ። ያን ሰሞን አንድ ሻምበል ስምንት አውሮፕላን አዘው ነበር። «የሻምበሉን ሥራ በደንብ ከጨረስክ ብሩሽ አስይዝሃለሁ» ሲሉኝ ቀኑ አልመሽ አለኝ።

ፋሲካ ሆነ፣ ተፈሰከ። በማግስቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ፤ የሻምበሉን የመጀመሪያ ሁለት አውሮፕላኖች ገጣጠምኩ፤ ሃምሳ አለቃ ቀቡ። ሻምበሉ ሊያዩ መጥተው አንዱን አነሡና ክንፉን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ገና ሳይዋጋ ተመታ እንዴ?» አሉ።

ሃምሳ አለቃ መላጣቸው ቀላ። እንደገና ቀቡት፤ እንደገና ተላጠ። ሌላ ጣሳ ቀለም ከፈቱ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ወደ ገንዳው ዞሩ።

«አይ ፋጡማ፣ የፋብሪካው ቅባት አልለቀቀም። አላጠቡትም።»

«ወላሂ አጥቤዋለሁ!»

«ታዲያ ጅብ ላሰው? ሻምበሉ ቅዳሜ ይመለሳሉ። እስከዚያ ካልተስተካከለ እርስዎም ቤትዎ ይግቡ፣ እኔም ሌላ አጣቢ ልፈልግ።»

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ሳሙናው ይሆናል» አልኩ፣ እንደ አዋቂ። አይ ፋጡማ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ገንዳቸው ተመለሱ።

ሐሙስ ዕለት የተላጠውን ክንፍ ወደ ብርሃን ይዤ ሳገላብጥ፣ ቀለሙ ያልያዘበት ቦታ ክብ ክብ መሆኑን አየሁ። የጣት አሻራ ነው። በአንደኛው ላይ ደግሞ ጠባሳ አቋርጦታል። አውራ ጣቴን አጠገቡ አደረግኩት። የኔው ነው!

እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ያኔም ሳስብ እጄ አናቴ ላይ ነበረ። ክፍሎች አልገጥም ሲሉኝ ራሴን የማከክ ልማድ አለኝ። እናቴ ደግሞ በጾም ቅቤ ለአፍም ለአናትም አይገባም የምትል ሴት ናት፤ ስትፈስክ ግን የሁለት ወሩን ቅቤ በአንድ ጊዜ አናቴ ላይ ትከምረዋለች። አይ ፋጡማ ከፋብሪካው ቅባት ያጸዱትን እኔ በእናቴ ቅቤ እየለቀለቅኩ አስረክብ ነበር። ሃምሳ አለቃ ቅቤ የሚቀቡበት ፀጉር ስለሌላቸው ነገሩ አልታሰባቸውም።

ወዲያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ብሩሹ ታየኝ። ዓርብም አልተናገርኩም፤ እጄን ሱሪዬ ላይ እየጠረግኩ ሠራሁ፤ ሱሪዬም የበዓሉ ቅቤ የነካው ነበርና ምንም አልረዳኝ። አይ ፋጡማ ያንኑ ክንፍ ሦስት ጊዜ ሲያጥቡ አጎንብሼ አልፌአቸው ሄድኩ። አፈርኩ፤ ግን ሐፍረቴ አፌን አላስከፈተኝም።

ቅዳሜ ሻምበሉ መጡ። ቀለሙ ተላጠ። ሃምሳ አለቃ አይ ፋጡማን በሩን አሳዩአቸው። አይ ፋጡማ ወስፌያቸውን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥተው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩ። ያን ጊዜ ነው ምላሴ የተፈታው።

«እኔ ነኝ! ቅቤው ከኔ ራስ ነው!» ብዬ አሻራዬ ያለበትን ክንፍ ዘረጋሁላቸው።

ሃምሳ አለቃ ክንፉን ተቀበሉኝ፣ አውራ ጣቴን አዩ፣ ጎንበስ ብለው አናቴን አሸተቱ። ሻምበሉ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ወንበር ያዙ።

«አቦ፣ እኔማ ማክሰኞ ነው ያወቅኩት» አሉ አይ ፋጡማ። «ሽታውስ መች ይደበቃል!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አሏቸው ሃምሳ አለቃ።

«የሰው ልጅ አሳብቄ ላስባርር? ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ።» ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህን በር ሳልወጣ ባትናገር ኖሮ ግን፣ ወላሂ፣ ከነጭንቅላትህ እዚህ ገንዳ ውስጥ ነበር የምነክርህ።»

«ይንከሩት!» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ነከሩኝም። በአውሮፕላን ሳሙና፣ ሻምበሉ እያዩ፣ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ከሰኞ ጀምሮ እኔ ገንዳው ጋ ተቀመጥኩ፤ አይ ፋጡማ አጉሊ መነጽር ተገዝቶላቸው ወንበሬን ወሰዱ። የስፌት እጅ ነውና ከኔ የተሻለ ገጣጠሙ። ስምንቱም አውሮፕላኖች ከነቀለማቸው ሄዱ። ከመቀባት በፊት እንደገና ማጠብ የቤቱ ደንብ ሆነ። ልጃቸውን ሲድሩ እኔም ተጠርቼ ነበር፤ በሩ ላይ አናቴን አሽትተው አስገቡኝ።

ብሩሽ ሳልይዝ ቤቱ ተዘጋ። ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው፦ ቀለም የሚይዘው ንጹሕ ፕላስቲክ ላይ ነው፤ ስለዚህ ገጣጥማችሁ ስትጨርሱ እንደገና እጠቡት። ጥፋቱ የናንተ መሆኑን ያወቃችሁ ዕለት ተናገሩ። እኔ ያወቅኩት ሐሙስ ነው፤ የተናገርኩት ቅዳሜ ነው።