የመቅደሱ ግድግዳ ውፍረት

በእኅቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ቀስቶች ይርመሰመሱ ነበር፤ ባለቀለም፣ በየጅራታቸው የሰው ስም የተንጠለጠለባቸው። የሚያንቀሳቅሷቸው ሰዎች አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ባንድ ንድፍ ላይ ይሠራሉ፤ ድምፃቸውም ከኮምፒውተሩ እየተሰማ ይጨቃጨቃሉ። ቁስል ላይ የሰፈረ ዝንብ መሰሉኝ። ፊቴን ላዞር ስል ንድፉን አወቅሁት። ወዲያው የአሞኒያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን አሞኒያ አልነበረም።

በወጣትነቴ እዚሁ ጎንደር፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነዳፊ ነበርሁ። ንድፉ የሚባዛው በአሞኒያ ነበርና ጠዋት ስንገባ ዓይናችን ያነባል፣ ነጠላችን እስከ ማታ ይሸታል። አለቃዬ መሐንዲስ ነበር። ቆሎ እየቆረጠመ ይጎነበስብኛል፤ ገለባው ገና ያልደረቀ ቀለሜ ላይ ይረግፋል።

አንድ ጊዜ ከኮሶዬ ወዲያ ያለች ክብ ቤተ ክርስቲያን እንድትነደፍ ታዘዘ። ቤተ ክርስቲያኗንም የመቅደሱንም ግድግዳ ከውጭ በሜትር ለካን። መቅደሱ ውስጥ ግን ከካህን በቀር ማንም አይገባም፤ በሮቹም በመጋረጃ የተከደኑ ናቸው። አባቴ የዚያች ደብር ቄስ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ገብቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በክንዱ ለካልኝ። ሲወጣ እጅጌው የኖራ ብናኝ ለብሶ ነበር።

«ዐሥራ አራት ክንድ ነው ልጄ። አልተሳሳትሁም፣ ሁለት ጊዜ ነው የለካሁት» አለኝ።

መሐንዲሱ አንዱን ክንድ ግማሽ ሜትር ብሎ አሰላው።

«አባቴ እኮ አጭር ሰው ነው፤ ክንዱ ግማሽ ሜትር አይሞላም» አልሁት።

«አንቺ የቄስ ልጅ፣ ክንድ ክንድ ነው። ደግሞ ለአባትሽ ክንድ ሌላ ሒሳብ ላውጣለት?»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ባለኝ ልክ ነደፍሁት፤ ጥጉ ላይም ስሜን ጻፍሁ። በማግስቱ ስሜን በምላጭ ፋቀው። የቀረውን ጣቱን ልሶ በምራቁ አበሰና የራሱን ስም ጻፈበት። ያ ምራቅ በመስኮቱ ብርሃን ወረቀቱ ላይ ሲያብለጨልጭ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ሰውዬው በኋላ ተሾመ፣ ተሸለመ። ሲሞትም ለቅሶ አልደረስሁም።

«ምንድን ነው የሚያጨቃጭቃችሁ?» አልኋት የእኅቴን ልጅ።

«የመቅደሱ ግድግዳ፣ አክስቴ። ቤተ ክርስቲያኗን ለማደስ በጨረር የሚለካ መሣሪያ ወስደን ነበር፤ ካህናቱ ወደ ውስጥ አይገባም አሉን። ውስጡን ከአሮጌው ንድፍ ገለበጥነው። ከውጭው ልኬት ስንቀንሰው ግን ግድግዳው ስንዝር አይሞላም፤ ጣሪያውን አይሸከምም። ይፍረስ እያሉ ነው።»

ያ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ከኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ «ሥዕሉን ፎቶ እናነሳዋለን፣ ምን ችግር አለው?» ሲል ሰማሁት። ሌላው ደግሞ «የነደፈው እኮ ትልቅ መሐንዲስ ነው፤ እሱ አይሳሳትም» አለ።

አትፍረዱብኝ። ይፍረስ፣ ከነስሙ ይፍረስ አልሁ በልቤ። ቀጥሎ ግን አባቴ ያን ግድግዳ ተደግፎ ሲለካ ታየኝ።

«ግድግዳው ቀጭን አይደለም» አልሁና ሁሉንም ነገርኋት።

«የአያቴ ክንድ ታዲያ ስንት ነበር?»

«በቁመትም በክንድም እሱን ነው የወጣሁት» ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ሜትሯን ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ አስተካከለች፤ አርባ አንድ ሴንቲሜትር። ቁጥሩን ስታስገባ ግድግዳው ስክሪኑ ላይ ወፈረ። ቀስቶቹ ባሉበት ቆሙ።

«እንዲህ ከሆነስ የሚፈርስ ነገር የለም» አለ ያ ፎቶ እናነሳዋለን ያለው ድምፅ።

«ጥጉ ላይ የለካው ማን ነው ልበል? ያንቺን ስም ልጻፍ?» አለችኝ የእኅቴ ልጅ።

«ከነአባቴ» አልኋት።

ጻፈችው። አያቷን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ሜትሩን አስቀምጣ ክንዴን ይዛ ቆየች፤ እኔም አልነጠቅኋትም።