በአያን ፍጥነት

ይርገዱ ድሬዳዋ ዳር ባለው የሩዝ ችግኝ ማፍያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። አንድ ቀን ዊዳድ የምትባል ባለሙያ የሠራተኞቹን ውሎ በኮምፒውተር አስመስላ አሳየቻቸው። ስክሪኑ ላይ የችግኝ ትሪ ተሸክመው የሚመላለሱት ሁሉ በሥራ ባልደረባዋ በአያን ፍጥነት ነበር የሚራመዱት። አያንን ሥራ ያስለመደቻት ደግሞ ይርገዱ ናት።

«እኔን ለምን አልለካሽኝም?» አለች ይርገዱ፣ ቅናት አንገብግቧት።

«እትዬ ይርገዱ፣ ባንቺ ፍጥነት ባሰላው ሌላው ሰው አይደርስበትም» አለቻት ዊዳድ።

መልሱ አላበረዳትም። ኮምፒውተሩ መንገድ እንደሚያሳጥር ባሳየው መሠረት ትሪ የሚሞላበት የአፈር ክምር ወደ መዝሪያው ጠረጴዛ ሲጠጋ፣ የቀኑ ሥራ ከምሳ በፊት ማለቅ ጀመረ። ሠራተኞቹም ስሌቱ በእሷ ፍጥነት ስለተሠራ አያንን መረቋት። ይርገዱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ትሪ ይዛ ስትሮጥ ሰነበተች።

ዓርብ ዕለት አያን «እትዬ፣ ቀስ በይ እንጂ፣ ወገብሽን!» አለቻት።

ይርገዱ የእሷንም ትሪ ነጥቃት ሄደች።