በሰባተኛው ቀጠና የሚያድረው ማን ነው?

ቨርና ቶለፍሰን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ያረጀች ሴት ናት። በዚያ በሰሜን ዊስኮንሲን ገጠር፣ በረዶው ላይ የታተመውን የጎማ ዱካ አይታ ማን በማለዳ እንደወጣ፣ ማን ውጭ እንዳደረ ትናገራለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው አባባል እዚያ አገር አይታወቅም እንጂ ቢታወቅ ኖሮ ቨርና በሯ ላይ ትጽፈው ነበር። ከበረዶ ጠራጊው እስከ ቄሱ ድረስ ያልጠረጠረችው ሰው የለም። ያመነችው ወንድሟን ኦርቪልን ብቻ ነው፤ እሱም ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት በአውራጃው መጦሪያ ቤት ተኝቷል።

ያን ክረምት የአውራጃው ምክር ቤት መጦሪያውን ለግል ኩባንያ ሊሸጠው ነው ተባለ። ምክር ቤቱ ሃያ አንድ አባላት አሉት። እያንዳንዱን የሚመርጠው የራሱ ቀጠና ነው፤ ተመራጩም እዚያው ቀጠና ውስጥ መኖር አለበት። አሥሩ ይሸጥ፣ አሥሩ አይሸጥ ብለው ተፋጠው ሳለ የሰባተኛው ቀጠና፣ ማለትም የእነቨርና ተወካይ፣ አረጀሁ ብለው ተሰናበቱ። በቦታቸው ለመወዳደር የተመዘገበው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ክላይድ ሩስታድ፣ ከተማው ሐይቅ ዳር ትልቅ ቤት ያለው ኢንሹራንስ ሻጭ። ቀደም ሲል በመኸር እዚያ አንድ የተተወ የገበሬ ቤት ተከራይቶ ነበርና አሁን "የሰባተኛው ሰው ነኝ" ይል ጀመር።

"የሰባተኛው ሰው!" አለች ቨርና፣ የመኖ መደብሩን ባንኮኒ ተደግፋ። "በዚህ ብርድ ጭስ የማይወጣው ቤት ውስጥ ማን ይኖራል? በየጠዋቱ አልፋለሁ፤ ደጁ ላይ መኪና የለ፣ መስኮቱ ላይ መብራት የለ።"

ባለመደብሩ አርሎ ሳቀ። "አንቺ እኮ የገና አባትንም 'ለመሆኑ የት ነው የምታድረው?' ሳትይው አትቀሪም።"

"ሳቅ፣ ሳቅ። እናትህን ከመጦሪያው ሲያስወጧት አብረን እንስቃለን።"

አርሎ ሳቁን ዋጠው። ከዚያ በኋላ ወሬውን ከእሷ ይልቅ ያዛመተው እሱ ነው። ክላይድ እዚህ አያድርም፣ ሊያታልለን ነው፤ ስለዚህ በምርጫ ወረቀቱ ላይ ከስሙ በታች፣ ያልተመዘገበ ሰው ስም መጻፍ በሚፈቀድበት ባዶ መስመር፣ የቨርናን ስም እንጻፍ ተባባሉ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ቨርና ነገሩን በዓይኗ ልታረጋግጥ አንድ ማለዳ ወደ ግቢው ዘለቀች። መኪናው ከጋጣው ጀርባ ቆሟል። ክላይድ ራሱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በሩን ከፈተ።

"ወይዘሮ ቨርና! ምነው በደህና?"

"መኪናህን ለምን ትደብቃለህ?"

ሰውዬው አቀረቀረ። "ሚስቴ አስወጥታኛለች። ከመኸር ጀምሮ የማድረው እዚህ ነው። ምድጃው ተበላሽቷል፤ በዚች በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው የምንቀጠቀጠው። እባክዎ፣ የሚስቴን ነገር ለሰው አይንገሩብኝ።"

ቨርና በትከሻው በኩል አጮለቀች። ወንበር ላይ የተሰጣ ካልሲ፣ ያረረ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ። ውሸት ብታገኝ ይሻላት ነበር። ያኔ ክረምቱን ሙሉ ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

"መጦሪያውንስ?"

"ይሸጥ ነው የምለው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ነርስ አይገኝም። ቀድመው ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።"

ዝም ብትል መቀመጫው የእሷ ነው፤ ኦርቪልንም ከአልጋው የሚያስነሳው የለም። ዝም ልትልም ሞክራ ነበር። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሰውን ሁሉ ውሸታም ስትል ኖራ አሁን በውሸት መመረጡ ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ።

"ክላይድ እዚያው ነው የሚያድረው" አለች መደብሩ ውስጥ። "መጦሪያውን ግን ይሸጣል። የማትመርጡት ከሆነ ለዚያ ይሁን።"

"እንዴት አወቅሽ?" አለ አርሎ።

"ገብቼ አይቼ።"

"ገብተሽ? በስንት ሰዓት?"

"በማለዳ።"

አርሎ ዓይኑን አጠበበ። "ምነው ታዲያ መኪናውን ደበቀ?"

"እሱን አልናገርም።"

"አሃ! ምን ሰጠሽ? የመኪናሽን ኢንሹራንስ ቀነሰልሽ?"

ያን ዕለት ብዙ ሰው ዞረባት። ሆኖም መጦሪያው ውስጥ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነውና በጠባብ የድምፅ ልዩነት ተመረጠች።

መጦሪያው ለውሳኔ በቀረበ ዕለት ቨርና "አይሸጥ" ብላ እጇን አነሳች። ሲቆጠር አይሸጥ ያሉት በአንድ ሳይሆን በሦስት በለጡ። አርሎ ከአዳራሹ ውጭ ጠበቃት፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ አልነበረም።

"ያ የሐይቅ ዳሩ ቀጠና ተወካይ ዓመቱን ሙሉ ይሸጥ ሲል ከርሞ ዛሬ ካንቺ ጋር እጁን አነሳ። ምን ፈልጎ ነው?"

"እኔም እሱን እያሰብኩ ነው። ዝም በል፣ መጣ።"

ተወካዩ ጥርስ በጥርስ ሆኖ፣ እጁን ዘርግቶ ቀረበ። "ወይዘሮ ቶለፍሰን፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ስለዚያ ስለ ሐይቁ መንገድ አስፋልት ትንሽ ብናወራስ?"

ቨርና ቀኝ እጇን ሰጠችው፤ በግራዋ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።