በዓምዶቹ ሥር የቀረው ኮንጎ ጫማ

ልጅ እያለሁ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጫማዬን አውልቄ የገባሁበት ባንክ አለ። ለምን እንዳወለቅሁ ለማስረዳት ከመጀመሪያው ልነሣ።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የጎረቤታችን የጋሼ ተሰማ ባለቤት እትዬ ዘነበች ሆዳቸውን ታመው ሐኪም ቤት ተኝተዋል። ዛሬውኑ ኦፕሬሽን መሆን አለባቸው ተብሏል፤ ልጃቸው ከአዲስ አበባ የሚያስፈልገውን ገንዘብ በባንክ ልኳል። ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ ባንኩ የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ጋሼ ተሰማም አባቴም ማንበብ ስለማይችሉ እኔን ይዘው ከቀወት ገጠር ወደ ከተማ መጡ። ያን ቀን የነበረው ሙቀት፣ አዲስ የታጨደ የማሽላ አገዳ ሽታ፣ የባጃጅ ጡሩምባ ዛሬም አይጠፋኝም።

“መንገዱ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ነው” ተብለናል። ጥጉ ላይ የቆመው ግን በድንጋይ ደረጃ ከፍ ያለ ቤት ነው። ከፊቱ አራት ወፋፍራም ዓምዶች ተደርድረዋል፤ በላያቸው ሦስት ማዕዘን ግንባር ተጭኗል። ከዓምዶቹ ጀርባ ያለው ጥላ ዝናብ የነካው ድንጋይ ይሸታል።

አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። “ተሰማ፣ ይሄ የእናንተ ነው መሰል። ግባና ባንኩ የት እንደሆነ ጠይቅልን።”

“የኛማ ቢሆን መስቀሉን አናየውም ነበር? የናንተ ነው፤ አንተ ግባ” አሉ ጋሼ ተሰማ።

“ሚናራው የታል ታዲያ? ወላሂ የኛ አይደለም።”

“እና እኔ በሰው መስጊድ ዘው ልበል?”

“እኔስ በሰው ቤተ ክርስቲያን?”

እኔ ግን ከዓምዶቹ በላይ የተቀረጸውን አንብቤ ነበር። “ባንክ” ይላል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አይደለም ካሉ ግን የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ገበያውን ዞርን፤ የጠየቅነው ሁሉ ወደዚያው ጥግ መለሰን። ስንመለስ ዘበኛው በሩን መዝጋት ጀምሯል።

“አባ፣ ባንክ ነው የሚለው” አልኩ።

“መቼ አነበብሽው?”

“ቅድም።”

ጋሼ ተሰማ አልተቆጡኝም። ደረጃውን እየሮጡ ወጡና የመጨረሻው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ጎንበስ ብለው ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁ። አባቴም አወለቀ። እኔም ተከተልኳቸው።

ዘበኛው የተደረደረውን ጫማ አየ። “አባቶቼ፣ ይሄ እኮ ባንክ ነው።”

“አውቀናል፣ ልጄ። ባለቤቴ ሐኪም ቤት ናት” አሉት ጋሼ ተሰማ።

ሳቁ እንዳያመልጠው ፊቱን ዞር አድርጎ በሩን መልሶ ከፈተልን። እትዬ ዘነበች በዚያው ማታ ኦፕሬሽን ሆነው ዳኑ።

አሁን መምህርት ነኝ። በቅርቡ ተማሪዎቼን እዚያ ወስጄ፣ እንዲህ ያለው ዓምድና ግንባር ከብዙ ዘመን በፊት በሩቅ አገር ለጸሎት ቤት ይሠራ እንደነበር አስረዳኋቸው። አንዷ፣ “ታዲያ ባንኩን ለምን እንደዚያ አድርገው ሠሩት?” አለችኝ። ያን ቀን የተሳሳቱት አባቴና ጋሼ ተሰማ ናቸው ወይስ ቤቱን የሠራው ሰው? እስካሁን አልለየልኝም።

ዛሬ ገንዘብ በስልክ ይመጣል፤ አባቴም ደረጃውን መውጣት ትቷል። እኔ ግን የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስደርስ እግሬ አሁንም ትንሽ ያመነታል።