እስኪጎድል የፈላ ውሃ

ሰፈሩ «አባ ጉድጓድ» የሚላቸው ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ኖረዋል። ከቆፈሩት ሁሉ የጣፈጠ ውሃ ያፈለቀው ግን በገዛ ግቢያቸው ያለው ጉድጓድ ነው። በሙያቸው ልማድ፣ ቆፋሪው ሳይቀምስ ማንም አይጠጣም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አፋፉ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ያያሉ። ከታች ክብ ሰማይ አለ፤ በሰማዩ ውስጥ የራሳቸው ፊት ይንሳፈፋል። አንዳንዴ ፊቱ የወጣት ይመስላቸዋል።

ከጉድጓዱ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ የድንጋይ ከሰሉ ማዕድን ጥቁር ክምር አለ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር እጣቢው ወደ መሬት ይሰርጋል። የሰፈሩ የጤና ባለሙያ ውሃውን አስመርምራ የተመለሰች ዕለት፣ «አይጠጣም» ስትል የጉድጓዱን አፍ ቀይ ቀለም ቀባችው።

«ግቢዬን ሊወስዱ የዘየዱት ነው» አሉ አባ ጉድጓድ፤ ድሮም የሚያምኑት ሰው ጥቂት ነበር።

ይሁን እንጂ ሴት ልጃቸው ልትወልድ ወደ ቤታቸው መጥታለችና፣ ለጥንቃቄ ያህል ውሃውን ያፈሉላት ጀመር። ማለዳ የጣዱት ድስት እስከ ምሳ ይንፈቀፈቃል። ማድ ቤቱ በእንፋሎት ይሞላል፤ ግድግዳው ይርቃል፤ ልጃቸው በጭጋጉ መሐል ቀስ ብላ እንደ ጀልባ ታልፋለች። ድስቱ ሲጋመስ አቀዝቅዘው ይሰጧታል።

«አባዬ፣ ውሃ ነው ወይስ ሾርባ የምትሠራልኝ?»

«ጠጪ ዝም ብለሽ! ከሆድሽ ይልቅ ምላስሽ ገፍቷል።»

አንድ ቀን የጤና ባለሙያዋ ነፍሰ ጡሯን ልትጠይቅ መጥታ ድስቱን አየች።

«አባባ፣ ይሄ ከጉድጓዱ ነው?»

«ነው። ግን በውስጡ ያለው ሁሉ ሞቷል፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲፈላ ነው የዋለው።»

«የሚሞተውማ ተውሳክ ነው። ከክምሩ የሰረገው አርሴኒክ የሚባል መርዝ ግን ሕይወት የለውም፣ በምን ይሞታል? ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ መርዙ እዚያው ይቀራል። ባፈሉት ቁጥር እየበረታ ነው የሚሄደው። ለጽንሱ ደግሞ አደገኛ ነው። ዛሬውኑ ትተውት እሷን እንመርምራት።»

አባ ጉድጓድ ወደ ድስቱ አጎነበሱ። ውሃው የጎደለበት ቦታ ላይ ነጭ ቅርፊት ክብ ሠርቶ ቀርቷል። የሚጠረጥሩት ሰው ፈለጉ። ድስቱን ከእሳቸው እጅ በቀር የጣደ አልነበረም።

«አባዬ፣ ታዲያ ይሄን ምን ላድርገው?»

«ድፊው፣ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ከጉድጓድ የወጣ ይመስል ነበር።

በማግስቱ አፋፉ ላይ ሳንቃ መቱ። ክቡ ሰማይ መጀመሪያ ግማሽ ሆነ፣ ቀጥሎ ስንጥቅ፣ ከዚያም ጠፋ፤ ፊታቸውም አብሮት። ከዚያ ጀሪካን ተሸክመው ከሩቁ ቧንቧ ቀድተው ተመለሱ፣ እንደ ልማዳቸውም ቀመሱ።

«እሺ፣ ምን ይላል?» አለች ልጃቸው።

«ምንም አይልም። ምላሴንም ቢሆን ካሁን በኋላ አላምነውም። የጤና ባለሙያዋን ጠይቄያታለሁ፣ ይሄኛው ተመርምሯል። ጠጪ።»

ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙላት።