አጎት ተገኘላት

ልጅቷን ያመጣችልኝ ተከራዬ ናት። የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ሠራተኛ ነበረች፤ ከሩቅ ተመድባ ሚዛን ከተማ የመጣች ልጅ እግር፣ ለጭቃውም ለዝናቡም አዲስ። የጓሮዋን ክፍል አከራይቼያት ወጥ ቤታችን አንድ ሆነ። ጎደሬ እጅ እንዳያሳክክ እንዴት እንደሚላጥ ያሳየኋት እኔ ነኝ። እትዬ ትለኝ ነበር፣ አንቺ እያለች፣ እንደ ታላቅ እህቷ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዝናብ የደበደባት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ ገባች።

"እትዬ፣ ለአንድ ሰሞን ብቻ ነው። የአደራ ቤተሰብ ሁኚላት።"

አደራ ሲባል እኔ የማውቀው፣ ሰው የሚሳሳለትን ነገር ለሚያምነው ሰው ትቶ ሲሄድ የሚለውን ነው። በቢሮ ቋንቋ ደግሞ የአደራ ቤተሰብ፣ ወላጅ ያጣን ልጅ ዘመድ እስኪገኝለት ድረስ የሚያቆይ ሰው ማለት ነው። እንደ እኔ አደራ የተቀበልነውን አዳራሽ ሰብስበው አስተማሩን። ከልጁ ጋር ከመጠን በላይ አትቀራረቡ፣ ኋላ መለየት ይከብዳል አሉን። አጠገቤ የተቀመጠች ዳቦ ሻጭ "ታዲያ ስናቅፋቸው ጓንት እናድርግ?" ብትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪውም አብሮ ሳቀ።

ልጅቷ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከማሻ ወዲያ፣ ጫካ ውስጥ ካለ መንደር ነው የመጣችው። እናቷ ሞታለች፤ አባቷ ወርቅ ቁፋሮ ብሎ እንደወጣ ድምፁ ጠፍቷል። አማርኛ አታውቅም ማለት ይቻላል። እኔም የአገሯን ቋንቋ የማውቀው ከገበያ የለቀምኩትን ያህል ነው። በእሱ ስለ ጨው፣ ስለ ሙዝ፣ ስለ ማር መነጋገር ይቻላል፤ ስለ እናት ሞት ግን አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ስለ ሙዝ ብዙ ተጨዋወትን።

የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። የስፌት መኪናዬ በረንዳው ላይ ነው፤ እሷም ከሥሬ ቁጭ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ በቀለም በቀለም ትለያለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከትዳር በኋላ ነው፣ ከሰው ልጆች ደብተር ላይ አጮልቄ። ቃል ሲያስቸግራት የምታደርገውን ፊት አውቀዋለሁ፤ የራሴ ፊት ነበር።

ከአማርኛ ሁሉ ቀድሞ አፏ ላይ የቀረው "አጎቴ" የሚለው ነው። በመንደራቸው ልጅ ትልልቁን ወንድ ሁሉ የአባቱን ወንድም በሚጠራበት ቃል ይጠራል፤ አክብሮቱ ነው። እሷም ያንኑ ይዛ መጥታ አማርኛው ላይ አደረገችው። ሥጋ ሻጩ አጎቴ፣ ትራፊክ ፖሊሱ አጎቴ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አጎቴ። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ገና ከሩቅ ሲያያት "የወንድሜ ልጅ፣ ነይ ውጪ" ይላታል። "እኔስ?" ስለው "አንቺማ ባዳ ነሽ፣ ትከፍያለሽ" ይለኛል።

ተከራዬ ይህንን ስትሰማ ግራ ገብቷት ጠየቀችኝ። "ጋሼ ማለቷ ነው እኮ" ብዬ አስረዳኋት። እየተንከተከተች ሳቀች። "እኔንም አንድ ቀን አጎቴ እንዳትለኝ" አለች። ይህን የምጽፈው ነገሩ እንዳልገባት ሰው ሆና እንዳትታይ ነው። ገብቷት ነበር።

አንድ ቀን የቴፒ ቡና ነጋዴ የጃኬቱ ዚፕ ተበጥሶበት በረንዳዬ ላይ ቆመ። ስልኩን አንስቶ ሲያወራ በልጅቷ ቋንቋ ነበር። እሷ ከጨርቁ መሃል እንደ ምንጭ ፈልቃ ሱሪውን ያዘች። "አጎቴ!" አለችው። ሰውየው ደስ አለው፤ ብዙ አወሩ። እኔ ያን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። "ቴፒ ሻይ ቤት አለኝ፤ ባለቤቴ አጋዥ አጥታ ተቸግራለች" አለ፣ ልጅቷን እያየ። የመንግሥት አደራ ናት ብዬ ዚፑን ሠርቼ ሸኘሁት። ተከራዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

በዚያው ሰሞን ወጥ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ለተከራዬ ሆዴን ነገርኳት። ዘመድ ካልተገኘ ልጅቷን የራሴ አድርጌ ላሳድጋት እንደምፈልግ፣ የምትሄድበትን ቀን ሳስብ እንቅልፍ እንደማጣ ነገርኳት። እጄን ያዘችኝ። "እኔ እያለሁ ምን ትሆኛለሽ እትዬ" አለችኝ።

ሰኔ ደረሰ። በሰኔ ቢሮ ሁሉ የዓመቱን ሥራ ይዘጋል፤ እሷ ቢሮ ደግሞ ሥራ የሚባለው ልጅን ከዘመድ ማቀላቀል ነው። አለቆቿ አንድም አላቀላቀልሽም እያሉ እንደሚወርፏት ታለቅስልኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ከቢሮ ፊቷ በርቶ ገባች።

"እትዬ፣ ደስ የሚል ወሬ። አጎቷ ተገኘ።"

"የትኛው?" አልኳት፣ ሳቄ እያመለጠኝ።

አልሳቀችም።

ቀበሌ ተጠራን። ሦስት የኮሚቴ ሰዎች ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ነጋዴው ያንኑ ጃኬት ለብሶ መጥቷል። ሰብሳቢው ልጅቷን በአማርኛ ጠየቃት።

"ይህ ሰውዬ ምንሽ ነው?"

"አጎቴ" አለች፣ ጥርስ በጥርስ ሆና።

"ይኸው፣ ደም ራሱ ተናገረ" አለ ሰብሳቢው።

ተነሣሁ። "ጌታዬ፣ እስቲ ምንሽ ነኝ ብለው ይጠይቋት። እርስዎንም አጎቴ ነው የምትልዎት። በቋንቋዋ የሚያናግራት ሰው ይጠራልኝ።"

"ሰውየው በቋንቋዋ እያናገራት አይደል? ከዚህ ሌላ ምን ዝምድና አለ?" አለኝ።

ወደ ተከራዬ ዞርኩ። ታውቃለች፣ እሷ ትናገር ብዬ ነው። እሷም ተነሣች። ወደ እኔ ግን አላየችም።

"እኚህ እናት ከልጅቷ ጋር ከመጠን በላይ ተቀራርበዋል" አለች። "መለየት እንደሚከብዳቸው፣ እንቅልፍ እንደሚያጡ ራሳቸው ነግረውኛል። ስለዚህ የሚሰጡት አስተያየት ከዚህ አንፃር ቢታይ።"

እኚህ እናት። ጠዋት በአንድ ሰሃን ቁርስ በልተን ነው የወጣነው። ለወጥ ቤት ያልኳትን ለኮሚቴ አደረገችው፤ ደግሞ አንዲት ቃል አልጨመረችበትም። ዋሽታ ቢሆን ኖሮ እሟገታት ነበር። የነገረቻቸው ግን እውነቴን ነው።

ልጅቷ በነጋዴው መኪና ጋቢና ተቀምጣ ሄደች፤ ለሽርሽር መስሏት።

ማታ ተከራዬ በሬን አንኳኳች። "እትዬ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ? እኔም ሥራዬ ነው እኮ።"

"አልተቀየምኩም፤ ግን ወጥ ቤቴ አትግቢ" አልኳት። ወሩ ሳያልቅ ሌላ ቤት ተከራይታ ወጣች።

ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ለለቅሶ ቴፒ ሄድኩ። ከለቅሶው ስመለስ መናኸሪያው አካባቢ ሻይ ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። ልጅቷ ከጓዳው በር ሥር በተደፋ የቢራ ሳጥን ላይ ቆማ ብርጭቆ ታጥባለች። የእሷ እኩዮች ዩኒፎርም ለብሰው በደጁ ያልፋሉ። አላየችኝም። የሻይ ቤቱ እመቤት ሻይ ስታቀርብልኝ ጠየቅኋት።

"ይቺ ልጅ አትማርም?"

"ለከርሞ ነው እንግዲህ እማማ። መጀመሪያ ሥራ ትልመድ።"

"ባለቤትሽ አጎቷ ነው አሉ።"

"ማን፣ የእኔ ባል?" ብላ ከልቧ ሳቀች። "እሱ የጌጫ ሰው፣ እሷ ከማሻ ማዶ። ከየት ይዘመዳሉ? ቢሮ ነው እኮ የሰጠን።"

ክፋት የለባትም ነበር። የተሰጣትን ነው የተቀበለችው። ሻዬን ሳልጠጣ ተነሥቼ ቴፒ ያለው ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሰውዬ በዕድሜ ጠና ያለ ነው፤ ሳያቋርጠኝ ሰማኝና "እርስዎ ለልጅቷ ምኗ ነዎት?" አለኝ። የሚጠራበት ስም አጣሁለት። "የሚመለከተኝ ነኝ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ከመመላለሴ የተነሣ እሱም በር ላይ ሲያየኝ መሳቅ ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ በቋንቋዋ የሚያናግራት ሰው አስጠራ። በእሷ አንደበት ሻይ ቤት ማን እንደወሰዳት፣ ምን እንደምትሠራ ተሰማ፤ ከዚያም ከሻይ ቤቱ አወጧት።

ለእኔ ግን አልሰጧትም። ከሚዛን የመጣው ወረቀት ከልጅ ጋር ከመጠን በላይ ትቀራረባለች ይላል አለኝ ሰውየው፣ እያፈረ። እዚያው ቴፒ ለምትኖር ጡረተኛ ነርስ ሰጧት።

ነርሷ ደግ ሴት ናት፤ ነይና እያት አለችኝ። ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍቼ፣ ልኳን በግምት አስፍቼ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ራሷ ልጅቷ ናት። ረዝማለች። ዩኒፎርም ለብሳለች።

"እንደምን ዋሉ? ይግቡ" አለችኝ። "ይቀመጡ። ውሃ ላምጣልዎት?"

እኔን አማርኛ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ አንቺ ነበር የምትለኝ። እርስዎን የተማረችው ሻይ ቤት ነው፣ ከደንበኛ። አንዲት ፊደል አላጣመመችም።

"በአማርኛ ጎበዝ ሆናለች" አለችኝ ነርሷ፣ ደስ እንዲለኝ ብላ።

ቀሚሱን ተቀብላ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች፤ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ። ዓይኖቿን ፈለግኳቸው። ወለሉን ነው የሚያዩት።

"አንቺ በይኝ እንጂ" አልኳት። "እኔ እኮ ነኝ።"

"እሺ" አለችኝ፣ "እርስዎ ካሉ።"

ነርሷ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጅቷ ምን እንዳሳቀን ስላልገባት፣ ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏት ውሃውን ልታመጣ ፈጠን ብላ ወጣች።