እግረ ደረቋ ትኬት ቆራጭ

ብዙወርቅ በአሶሳ ስታዲየም በር ላይ ባለች ቢጫ ቀለም የተቀባች ጠባብ ክፍል ውስጥ ትኬት ስትቆርጥ ፀጉሯ ሸበተ። ከመስኮቷ ፊት ያልቆመ ሰው በከተማው የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። መምህሩ፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ከሠፈራ መንደሮቹ በጠዋት ተነሥቶ የመጣው ገበሬ፣ ከኩርሙክ ዕቃ ጭኖ የገባው ነጋዴ፣ ሁሉም አንገቱን ቀለስ አድርጎ በዚያች ቀዳዳ ያናግራታል። እሷም ገና አፋቸውን ሲከፍቱ የት እንደሚቀመጡ ታውቃለች። የጥላ ፎቁ ሰው "ሁለት ስጪኝ" ብሎ ያበቃል። ፀሐይ ላይ የሚቀመጠው ግን መጀመሪያ ጤናዋን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ልጆቿን፣ ከዚያ ማንጎ እንደሚገዛ ሰው "ይሄ ዋጋ ትንሽ አይቀንስም?" ይላታል። የታተመ ትኬት እንደማይቀንስ አጥቶት አይደለም፤ ካልተከራከረ ጨዋታው አይጥመውም።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ለከተማው ሁሉ የጎል ማያ ወረቀት ስትቆርጥ የኖረችው ይህች ሴት በዓይኗ አንድ ጎል አይታ አታውቅም። በቴሌቪዥን የሚታየውን አትቁጠሩት፤ እሱ እየተደጋገመ ይታይና ትምህርት ይሆናል እንጂ ጎል አይደለም። እሷ የምትፈልገው ሜዳ ላይ፣ ሳይታሰብ፣ አንዴ ብቻ የሚሆነውን ነው።

ሥራው አስሮ ይዟት እንዳይባል፣ ከእረፍት በኋላ መስኮቷን ዘግታ መግባት ትችል ነበር። ገብታም ነበር። መጀመሪያ የገባች ቀን የከተማው ቡድን ቀርከሃ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘና ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ተመለሰች። ያጋጥማል ተባለ። ሌላ ቀን ስትገባ ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ ይመስል ወረደና ጨዋታው ተቋረጠ። የመጨረሻው ግን ለወሬ የሚመች ሆነ። በረኛው ወድቆ፣ ተከላካዩ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ የቀርከሃ አጥቂ ከባዶ መረብ ጋር ብቻውን ተፋጥጦ ሳለ ኳሷን አጉኗት ከአጥሩ ውጭ ያለ ማንጎ ዛፍ ላይ ሰቀላት። ልጆች ወጥተው እስኪያወርዷት ድረስ ሕዝቡ ዞር ዞር እያለ ብዙወርቅን ያይ ነበር።

በማግስቱ የደጋፊዎቹ ሰብሳቢ ጂራታ በቆርቆሮ ማር ይዞ ቤቷ ድረስ መጣ። ጂራታ የባምባሲ ልጅ ነው፤ አሶሳ ውስጥ ጎማ ይጠግናል፣ ድምፁም ከጎማ መንፊያው ይበልጣል። ያን ቀን ግን ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው።

"እትዬ ብዙዬ፣ እኔ እግረ ደረቅ ነሽ አልልም። ሰው ግን እያለ ነው። እንደው ለቡድኑ ስትይ ውጭ ውጭውን ብትሆኚ ምን ይመስልሻል?"

ሌላ ሴት ብትሆን ማሩን አናቱ ላይ ትደፋለት ነበር። ብዙወርቅ ግን ቀርከሃን ትወዳለች፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እሷም ራሷን መጠርጠር ጀምራ ነበር። "እሺ" አለችው። ከዚያ ወዲህ ጎልን የምታውቀው በጀርባዋ ነው። ግድግዳው ሲንቀጠቀጥና የሻይ ብርጭቆዋ ሲንቀጫቀጭ፣ ገባ ማለት ነው። ረጅም "ኡኡታ" ከሆነ ለጥቂት ተስቷል። ፊት ለፊቷ የቆመው ገዢ "ምን ሆነ?" ሲላት ትተነትንለታለች፤ ሰውየው አመስግኗት ወደ ውስጥ ሲሮጥ ግን እሷ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ ጀርባውን ታያለች።

ደግነቱ ከጭፈራው ጨርሳ አልተለየችም። የቀርከሃ ደጋፊዎች የሚጨፍሩት በዙምባራ ነው። ዙምባራ ከቅል እየተቀጣጠለ የሚሠራ የበርታዎች ረጅም መለከት ሲሆን አንዱ ዙምባራ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዜማ የሚሆነው ነፊዎቹ ሁሉ ተራቸውን ጠብቀው ሲመላለሱበት ነው፤ አንዱ ከጎደለ ዘፈኑ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ያፏጫል። ከሁሉም የሚቀድም ጠሪ የሚሉት አንድ አለ። ጠሪው ካሰማ የሌሎቹ ትንፋሽ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ይከተላል፤ ልማዱ እንዲያ ነው።

የነፊዎቹ አለቃ ሽማግሌው ሙርሳል መሣሪያዎቹን ከጨዋታ ጨዋታ የሚያስቀምጠው በብዙወርቅ ክፍል ነው። እሷም ገዢ በሌለ ሰዓት አንዱን እያነሣች ስትሞክር፣ ስትሞክር ከንፈሯ ለመደ። ውስጥ ሲነፋ እሷ ከውጭ ትመልሳለች። ትኬት ሊገዛ ጎንበስ ያለ ሰው የመለከት አፍ በመስኮቱ ተደግኖበት ወደ ኋላ የሸሸበት ጊዜ አለ።

ወደዚያ እሑድ ልውሰዳችሁ። የክልሉ ዋንጫ ጨዋታ ነው፤ ተጋጣሚው ዓባይን ተሻግሮ ከወንበራ የመጣ ቡድን ነው። ደግሞም የመስኮቷ የመጨረሻ ቀን ነው። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ትኬት በስልክ ይቆረጣል ተብሏል፤ ክፍሏ ትፈርሳለች፣ እሷም ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ትዛወራለች። እዚያ ጩኸቱ እንኳ አይሰማም። እንደ ማንም ተመልካች ትግባ እንዳይባል፣ እግረ ደረቅ የተባለችን ሴት ማን ያስገባታል? ብዙወርቅ ጠዋት የመስኮቱን መዝጊያ ስትከፍት "አንድ ጎል፣ ጌታዬ፣ አንድ ብቻ" ብላ ለመነች።

ከቀትር በኋላ አንድ ትልቅ አውቶቡስ አቧራውን አስነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። ግድቡን ጎብኝተው የሚመለሱ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፤ በማግስቱ እስኪበሩ ድረስ ከሰዓቱን የሚያሳልፉበት አጥተው ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ኮፍያ አድርገዋል። ሁለት ፈረንጆችም አብረዋቸው አሉ፤ ፀሐዩ ቲማቲም አስመስሏቸዋል። ሊድያ የምትባል ቀልጣፋ ወጣት ከሁሉም ቀድማ በመስኮቱ ብቅ አለች።

"እናቴ፣ ማንን ነው የምንደግፈው?"

"ቀርከሃን ነዋ።"

"የትኞቹ እንደሆኑ በምን እናውቃለን? እኛ ስለ ኳስ ምንም አናውቅም።"

ሰልፉ ከኋላ እየገፋ ስለሆነ ብዙወርቅ አሳጠረችው። "ዙምባራው ሲነፋ ተነሥታችሁ ዝለሉ፣ ልጄ። ሌላ ዕውቀት አያስፈልግም።"

ይህ ምክር ከኮፍያ ወደ ኮፍያ ተላለፈ፤ ለፈረንጆቹም ተተረጎመላቸው። አንደኛው ፈረንጅ ትኬቱ ላይ እንድትፈርምለት ብዕር አቀበላት። ብዙወርቅ በማዕረግ ፈረመችለት። ቀጥሎ የመጣው የሰፈሯ ልጅ "ለኔስ?" ሲላት፣ ለአንተ ሲያምርህ ይቅር ብላ ሸኘችው።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። በእረፍቱ ሙርሳል በጓሮ በኩል ወደ ክፍሏ ገባ፤ ከኋላው ጠሪውን የሚነፋው ጁምዓ ተከትሎታል። የጁምዓ ከንፈር ብርቱካን አክሏል።

"ንብ ነው" አለ ሙርሳል። አማርኛውን በጎልማሳነቱ ነው የለመደው፤ ሴትና ወንድ ሳይለይ ለሁሉም አንድ አድርጎ ይናገራል። "ጠርሙስ ውስጥ ገባ፣ ለስላሳ ሲጠጣ ነደፈ። ኻላስ፣ ጁምዓ አይነፋም። ብዙወርቅ፣ ዛሬ አንተ ይነፋል።"

"እኔ? ኧረ ተዉ ሙርሳል። እንደማልገባ ያውቃሉ እኮ።"

"ከውጭ የሚመልስ ማነው? እኔ ይሰማል፣ ሁልጊዜ ይሰማል። አንተ ነው። ወላሂ ከጁምዓ ይበልጣል።"

ጁምዓ በእብጠቱ ውስጥ የሆነ ተቃውሞ አሰማ፤ ምን እንዳለ ግን የገባው የለም።

ወሬው ደርሶት ጂራታ እየሮጠ መጣ። መጣ እንጂ ምን ይላል? ጠሪ ከሌለ ዙምባራ የለም፣ ዙምባራ ከሌለ ጭፈራ የለም፣ ያለ ጭፈራ ቀርከሃ እግሩ ይተሳሰራል። ብዙወርቅ ከገባች ደግሞ ጎል የለም። ጂራታ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ሰማይ ሰማዩን አየ። ዳኛው ተጫዋቾቹን መጥራት ጀምሯል።

"እሺ፣ ትግባ" አለ በመጨረሻ። "ግን ኳሷን እንዳታያት። እትዬ ብዙዬ፣ በሞቴ፣ ጀርባሽን ለሜዳው ሰጥተሽ ፊትሽን ወደኛ አዙረሽ ንፊ።"

ብዙወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ጠሪውን ዙምባራ አነሣች፣ ገባች። ያ በግድግዳ ተጣርቶ ይደርሳት የነበረ ድምፅ አሁን ሳይጣራ ፊቷ ላይ ወረደባት። ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ለውዝ ሻጮቹ በሰው እግር መካከል ይሽሎከለካሉ፤ አንድ ሽማግሌ ዳኛውን እስከ ሰባት ቤቱ ይሰድበዋል፤ ልጃገረዶቹ ፊታቸውን አረንጓዴ ተቀብተው ከሙቀቱ የተነሣ አረንጓዴ ያልባቸዋል። ብዙወርቅ ጠጅ ሳትቀምስ ሰከረች። እንደታዘዘችው ለሜዳው ጀርባዋን ሰጥታ ከጥላ ፎቁ ግርጌ ቆመችና ጠሪውን ነፋች። ወዲያው ሁሉም ዙምባራዎች መለሱላት። ልቧ ጮቤ ረገጠ። ሰማያዊ ኮፍያዎቹ እንደተመከሩት ተነሥተው ዘለሉ፤ ፈረንጆቹ ሌላው ሲወርድ እየወጡ፣ ሌላው ሲወጣ እየወረዱ ዘለሉ።

ጨዋታውን የምታየው በሰው ፊት ላይ ነው። ያ ሁሉ ራስ ወደ ግራ ሲዞር ኳሷ ወደ ግራ ሄዳለች። ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ቀኝ። እንዲህ ባለ ሁኔታ እንኳ ደስ ብሏት ነፋች፣ ነፋች፣ ጉንጯ እስኪቃጠል ነፋች። ድንገት ግን ፊቶቹ ሁሉ ባንድ ላይ ተለወጡ። ሊድያ አፏን ከፈተች። ጂራታ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋ። ያ ሽማግሌ እንኳ ስድቡን ገታ አደረገ። አንድ ነገር ሊሆን ነው። ከጀርባዋ፣ እንደ ሁልጊዜው ከጀርባዋ፣ አንድ ነገር ሊሆን ነው።

ብዙወርቅ ዞረች።

አንድ ቀጭን ልጅ ኳሷን ከሩቅ መታት። ኳሷ በተከላካዮቹ ራስ ላይ አልፋ፣ አየር ላይ ሐሳቧን እንደቀየረች ሁሉ ታጥፋ፣ ከበረኛው ጣቶች በላይ ወርዳ መረቡ ውስጥ ገባች። ጎል ነው። በዓይኗ ያየችው፣ በሰው አፍ ያልተነገራት ጎል። ማን አገባ፣ በማን ላይ ገባ የሚለው ሐሳብ ወደ ብዙወርቅ ራስ አልመጣም። ዙምባራው ከንፈሯ ላይ ነበር፤ ባላት ትንፋሽ ሁሉ ነፋችው።

ጠሪ ከነፋ ደግሞ ልማዱን ታውቃላችሁ። የሙርሳል ዙምባራ መለሰ፣ የሌሎቹም ተከተሉ። ሰማያዊ ኮፍያዎቹ እንደ አንድ ሰው ዘለሉ። ፈረንጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር እኩል ወጡ። ዙምባራ በሰማ ቁጥር የሚዘል ሕዝብም ገና ሳያስብ እግሩ ተነሣ፤ ልጃገረዶቹ እልል አሉ፣ ጥላ ፎቁ ተናወጠ። የአሶሳ ስታዲየም የወንበራን ጎል በሙሉ ዜማ ጨፈረለት።

ቀጭኑ ልጅ ባለበት ደርቆ ቀረ። ቡድኑ ያን ሁሉ መንገድ አንድ ደጋፊ እንኳ ሳያስከትል ነው የመጣው። ወደ ጥላ ፎቁ አየ፣ ወደ ራሱ ማልያ አየ፣ ከዚያ እየሮጠ መጣና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እስከ መሬት እጅ ነሣ።

ያኔ ነው ሕዝቡ የነቃው። ዙምባራዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ሰማያዊ ኮፍያዎቹ ብቻ ትንሽ ቆይተው ጨረሱ። ብዙወርቅ አፏን በእጇ ያዘች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያ ሁሉ ፊት አሁን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላየም፣ እሷን ነው የሚያየው። ጂራታ በደረጃው እየወረደ መጣና ፊቷ ቆመ። ዙምባራውን እንደምታስረክብ ዘረጋችለት።

አልተቀበላትም። "አየሽው?" አላት።

"አየሁት" አለች በቀጭኑ።

"እኔ ኮፍያዬን ደፍቼ ነበር። እንዴት ነበር?"

ብዙወርቅ ቀና አለች። "ወይ ጂራታ፣ እንዴት ልንገርህ። መጀመሪያ የምትስት መስላ ነበር። ከዚያ ዞር አለች፣ ማንም ሳይነካት በራሷ። መረቡ ደግሞ ወደ ኋላ ተነፋና ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ ይተነፍሳል እኮ። ዋናው ነገር ድምፅ የለውም። ይሄን ሁሉ ዓመት በጩኸቱ ሳውቀው፣ ጎሉ ራሱ ድምፅ እንደሌለው አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም።" እንባዋ ይወርዳል፣ ፊቷ ግን ከጆሮ እስከ ጆሮ ይስቃል።

መጀመሪያ የሣቀው ያ ተሳዳቢ ሽማግሌ ነው። ከዚያ ሙርሳል፣ ከዚያ ልጃገረዶቹ፣ ከዚያ ሣቁ ከታች እስከ ላይ ደረጃ በደረጃ ወጣ። ጁምዓም ባበጠ ከንፈሩ የሚችለውን ያህል ሣቀ። ጂራታ ብቻ አንድ ነገር እንደሚያሰላ ሰው ግንባሩን ቋጥሮ ቆሟል።

"ገባ እኮ" አለ በመጨረሻ። "በኛ ላይም ቢሆን ገባ። አንቺ ውስጥ ሆነሽ፣ አንቺ እያየሽው ገባ። ታዲያ እግረ ደረቅነቱ የታለ?"

ጂራታ ትከሻዎቿን ይዞ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞራትና "ገና ጊዜ አለ፤ አሁን ደግሞ የኛን እያየሽ ንፊ" አላት። መሀል ሜዳ ላይ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ እሷም ዙምባራውን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ ዓይኗን ኳሷ ላይ ተከለች።